መቶ ሃያ ጎን

መቱ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጃችን ለገለኔ ኪቲላ፣ ሰመራ

ሰላምታዬ አፋር በረሃ ውስጥ ሳይቀልጥ ከደረሰሽ ተቀበይው። እኛ ደህና ነን። ሙሉብርሃን ደህና ናት፤ «ባለቤቴ ደህና ናት» ብዬ ስጽፍ አይታ «ስም አለኝ» ስላለችኝ ነው በስሟ የጠራኋት። እናትሽም ደህና ናት። ደህና ያልሆነው ዝናቡ ብቻ ነው፤ ክረምቱ ማለቁን የነገረው ሰው ያለ አይመስልም።

«የድንበሩ ድንጋይ ምን ይላል?» ያልሽኝን ከሰው አፍ ሰምቼ ልመልስልሽ አልፈለግኩም። በአይሱዙ ያዮ ድረስ ሄጄ፣ ከዚያ በእግሬ ጭቃውን አቡክቼ፣ ከእናትሽ ጋር ድንጋዩ ድረስ ደረስኩ። ከዋንዛው ሥር አለ። የድንጋይ ሽበት አልብሶት ነበር፤ በቢላዋ ፋቅኩት። እንዲህ ይላል፦ «ወደ ሁለተኛው ድንጋይ፣ ከሰሜን 120 ጎን»። ይኸው ነው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ጽሕፈቱ የሰይፈ ሚካኤል ነው። አንቺ አታውቂውም። በደርግ ጊዜ ከአውሮፓ መጥተው ምንጭ ያጎለብቱ የነበሩት መሐንዲሶች አስተርጓሚ ነበር፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በምስማር የጫረው እሱ ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ ፈረንጆቹ ያሉትን በአማርኛ ፊደል እንዳለ ያስቀምጣል እንጂ ማብራሪያ የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም ነበር።

መሐንዲሶቹ ሲሄዱ አባትሽ ኪቲላና የጎንፋ አባት ቀጀላ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ገመድ ወጥረው «ድንበራችን ይሁን» ተባባሉ። ከመስመሩ በላይ የነቀጀላ፣ ከመስመሩ በታች የእናንተ፤ ምንጩ በታች። ሁለቱም ሽማግሌዎች ይህን ቃል ይዘው ተቀበሩ። አሁን ሁለተኛው ድንጋይ የለም። ሲሚንቶ ነውና አልበሰበሰም፤ እግር የለውምና አልሄደም። ጎንፋ ለእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽኑ ቦታ ሲያስደለድል «ጠፋ»። «ጠፋ» የሚለውን ቃል ልብ ብለሽው ታውቂያለሽ? አድራጊ አይጠይቅም። ሌባ ያወጣው ግሥ ይመስለኛል።

እንግዲህ ለይዞታ ደብተር መሬት ሲለካ፣ የቀበሌው ኮሚቴ ኮምፓስ ይዞ መጣና ከቀረው ድንጋይ ላይ ቆሞ መቶ ሃያ ዲግሪ ብሎ አነጣጠረ። መስመሩ ወደ እናትሽ ዘመመ። እናትሽ የምትጠጣበት፣ የቡና ችግኟን የምታጠጣበትና ከዚያም የምትኖርበት ምንጭ ከመስመሩ በላይ ሆኖ አደረ። ውሃው ንቅንቅ አላለም። የተሰደደችው ባለቤቲቱ ናት።

«ጎን» ምን እንደሆነ ሊቀመንበሩን ደበሳን ጠየቅኩት። «ወደ ጎን ማለት ነዋ!» አለኝ፤ በእጁም አሳየኝ። እኔ ሒሳብ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ስሆን እንዲህ ያለ መለኪያ ሰምቼ አላውቅም። አንቺ የቅየሳ ሰው ነሽ። ንገሪኝ፤ የታመምኩት እኔ ነኝ ወይስ እነሱ?

አክባሪሽ፣ ዲበኩሉ


ሰመራ፣ ኅዳር 2 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዲበኩሉ

እንዴት ሰነበቱልኝ? እትዬ ሙሉብርሃንስ? ቀደም ባለው ደብዳቤዎ ስለ ምግቡ ላነሱት፦ እበላለሁ። ስለ ሙቀቱ ላነሱት፦ ባያነሱት ይሻላል። ስለ ትዳር ያነሱትን አላየሁትም፤ እዚያ ጋ ቀለሙ ፈሶበታል።

ድንጋዩ ላይ ያለውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ወዲያው ሳቄ አስጠላኝ። ጋሼ፣ ያ «ጎን» የኛ ጎን አይደለም። የፈረንጅ ጎን ነው።

እርስዎ ያስተማሩን ክቡን ሦስት መቶ ስድሳ ቦታ መክፈል ነው፤ አንዷ ክፋይ ዲግሪ ትባላለች። የአውሮፓ ቀያሾች ብዙዎቹ ግን አራት መቶ ቦታ ይከፍሉታል። የመስኮት ጥግ ዘጠና መሆኑ ቀርቶ መቶ ይሆናል፤ ለስሌት ይመቻቸዋል። የአንዷ ክፋይ ስም በነሱ አፍ «ጎን» ነው፤ ግራድ የሚሏትም አሉ። ሰይፈ ሚካኤል የሰማውን በታማኝነት ጻፈ፤ ፊደላችን ደግሞ ቃሉን የራሱ ቃል አስመሰለው። የኛም መሣሪያ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት በጎን፣ ሌላ ሲጫኑት በዲግሪ ያነባል። ጀማሪ ቀያሽ ሁሉ አንድ ቀን በዚህ ይቃጠላል። እኔም ተቃጥያለሁ፤ ግን የማንንም ምንጭ አልወሰድኩም።

ሒሳቡ እርስዎን አያስቸግርም። ጎኑን በዘጠኝ አባዝተው ለዐሥር ያካፍሉ፤ ዲግሪ ይወጣል። መቶ ሃያ ጎን መቶ ስምንት ዲግሪ ነው። ኮሚቴው መስመሩን ዐሥራ ሁለት ዲግሪ አለቦታው አዙሮታል። ከድንጋይ እስከ ድንጋይ ሁለት መቶ ሜትር ስለነበር፣ ጫፉ ላይ አርባ ሜትር ያህል እናቴ ማሳ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ምንጩን የበላው እሱ ነው።

በራዲያን ስንት ይሆናል እንዳይሏቸው አደራ። አንድ ነጥብ ስምንት ስምንት ብለው ቢነግሯቸው መስመሩን ሰሜን ላይ ተክለው ይገላገላሉ። ወታደሮች ደግሞ ክቡን ስድስት ሺህ አራት መቶ ቦታ ይከፍሉታል፤ በነሱ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ነው። እሱን ከሰሙማ ሲዞሩ ውለው ጎሬ ይደርሳሉ።

ይህን ገጽ ለብቻው ጽፌ ማኅተም አስመትቼበታለሁ፤ ያሳዩአቸው። እዚህ የመንገድ ሥራ ካምፓችን ስልክ ቢገባ ኖሮ ራሴ እጮህባቸው ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅ፤ እናቴ በራሷ ቃል አንድ መስመር የማታስጽፈኝ ለምንድን ነው?

ልጅዎ፣ ገለኔ


መቱ፣ ኅዳር 24 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለገለኔ

ደህና ነን፤ ከአንጀቴ ነው የምልሽ፣ ደህና ነን። ምሬቴን ከዚህ በታች አስቀምጬዋለሁ፤ የጨጓራ መድኃኒት ካለሽ አጠገብሽ አድርጊ።

ማኅተም ያለበትን ገጽሽን ይዤ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ክቡን በጠመኔ ሠራሁላቸው፤ አራት መቶውንና ሦስት መቶ ስድሳውን ጎን ለጎን አሳየሁ። (ይህችን ቃል ካሁን በኋላ ለመጻፍ እንኳ እየፈራሁ ነው።) ደበሳ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ፦

«ጋሼ፣ ዲግሪ አለዎት?»

«ዲፕሎማ ነው ያለኝ» አልኩት።

«ታዲያ በዲፕሎማ የዲግሪ ነገር ውስጥ ምን አስገባዎት?»

ይቀልድ እንደሆነ ብዬ ፊቱን አየሁ። አይቀልድም። አጠገቡ የተቀመጡት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከባድ ነጥብ ተነስቷል።

ይህ ገና መግቢያው ነው። የቀበሌው ሥራ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ጸሐፊው ፋኦል የድንጋዩን አማርኛ ወደ ቁቤ ሲገለብጥ «ሰሜን»ንም «ድንጋይ»ንም አሳምሮ ተረጎመ። «ጎን» ላይ ሲደርስ ፈራና ቃሉን እንዳለ አስቀመጠው። ዓረፍተ ነገሩ ስላለቀም ነጥብ አደረገበት። ነጥቧን ጎንፋ አያት። «ነጥብ ያለበት ቃል ያጠረ ቃል ነው፤ ይዘርዘር እንጂ!» አለ። ተዘረዘረ። ጎንፋ ሆነ። አሁን በቃለ ጉባኤው ላይ ድንጋያችን የሚለው «ወደ ሁለተኛው ድንጋይ፣ ከሰሜን 120፣ ጎንፋ» ነው።

ተነሳሁና «ድንጋዩ ሲጻፍ አንተ ስንተኛ ክፍል ነበርክ?» አልኩት።

«ሦስተኛ።»

«ሰይፈ ሚካኤል የሦስተኛ ክፍል ልጅ ስም ሲሚንቶ ላይ የሚጽፈው ለምንድን ነው?»

«ይወደኝ ነበር» አለ።

ሰይፈ ሚካኤል ሚስቱን እንኳ ይውደድ አይውደድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከዚያ «ሽማግሌ ይግባበት» የሚል አሳብ ተነሳና ወደ ቦታው ወሰዱኝ። ማሽኑ እየፈለፈለ ነው። ቀዩ ልጣጭ፣ ገለፈቱ፣ ከምንጩ በላይ ባስቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ተከምሮ ይፈላል። አዎ፣ ያለ እሳት ይፈላል። ዝንቡ እንደ ጣሪያ ሆኖ ከድኖታል፤ ከሥሩ ቡናማ ውሃ እየተንጠባጠበ ቁልቁል ይወርዳል። ቁልቁል ምን እንዳለ ታውቂያለሽ። ስመለስ ሽታው ስላልለቀቀኝ ሙሉብርሃን ኮቴን ውጭ አሰጣችው፤ እኔንም ልታሰጣኝ ምንም አልቀራትም ነበር።

እናትሽ አታስጽፍም ላልሽው፣ ይኸው ቃሏ፦ «የላክሽው ነጠላ ደርሶኛል። አትክሺ። የሙሉብርሃን ወጥ ጨው ያንሰዋል ግን ይበላል። ጋሼ የዚያን መለኪያ ስም ነገሩኝ። እኛ ሰው ሲበድለን ‹ማል ጎና?› እያልን የኖርነው ለካ መለኪያ እየጠራን ነው።» «ማል ጎና» ማለት «ምን እናድርግ» ነው፤ የምተረጉመው ለአንቺ አይደለም፣ ደብዳቤውን አብሮሽ የሚያነብ የካምፕ ጓደኛ ካለ ብዬ ነው።

ዲበኩሉ


ሰመራ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዲበኩሉ

ለገና እመጣለሁ ብዬ ስለማልመጣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምክንያቱን ብጽፈው እንደ ሰበብ ይሆናል፤ ሰበብ ስለሆነም አልጽፈውም።

«ይወደኝ ነበር» ያለውን ለሥራ ባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። አሁን ካምፑ ውስጥ መሣሪያ ሲጠፋ፣ ምሳ ሲሰረቅ፣ ሁሉም «ይወደኝ ነበር» ይላል። እነሱ ይስቃሉ። እኔ ጉድጓዱ ይታየኛል።

ሽማግሌ እንዲገባ አሳብ መጥቷል ላሉኝ፦ እኔ አልወደውም። ሽማግሌ ስለምንቅ አይደለም። ሁለት ቁጥር ሲቀርብላቸው መሃሉን የሚወስዱ ሰዎች ናቸው። ዋጋ ላይ ይሠራል፣ ማዕዘን ላይ አይሠራም። የሚከለክሉበት መንገድ ካለ ይከልክሉ።

ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ በዚህኛው ላይ ቀለም እንዳይፈስበት። እናቴ የምትኖረው ያዮ ነው። እትዬ ሙሉብርሃን ወጥ የሚሠሩት መቱ ነው። እናቴ የዚህን ወጥ ጨው ማነስ በምን አወቀች?

ገለኔ


መቱ፣ ጥር 16 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለገለኔ

ጨው ያጋልጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አዎ። እናትሽ ከኅዳር መጀመሪያ አንስቶ እኛ ዘንድ ናት፤ የውስጠኛው ክፍል። ከዚያ ወዲህ «ደህና ነን» ብዬ የጻፍኩልሽ እውነት ነው፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እያየኋት ነው የጻፍኩት። የት እንደተቀመጠች ብቻ አልጻፍኩም። ምንጩ ሸተተ፤ እሷ ግን «የኔ ውሃ ነው» ብላ መጠጣቷን ቀጠለች፤ ሆዷን አመማት። ሙሉብርሃን ሄዳ አመጣቻት። አሁን ድናለች፣ እንዲያውም ከእኔ ትሻላለች። ችግኙ ግን ደርቋል። እንዳልጽፍልሽ ያስማለችኝ ራሷ ናት፤ «ልጅቷ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች» ብላ። ይቅርታሽን እጠይቃለሁ፤ ከእናትሽ ጋር ስትጣዪ ግን እኔን አትጥሪኝ።

ሽምግልናውን አልከለከልኩም፤ የሚከለከል ነገር አልነበረም። ለጥምቀት ማግስት ተቀመጡ። አነጋገራቸው ጨዋ ነው፤ ምርቃታቸው ረጅም ነው። ከዚያ ደበሳ እንዲህ ሲል ፈረደ፦ «ጎንፋ መቶ ሃያ ይላል፣ ጋሼ መቶ ስምንት ይላሉ። መካከሉ ዐሥራ ሁለት ነው። ስድስት አንተ፣ ስድስት እሳቸው። መቶ ዐሥራ አራት!»

ተጨበጨበ።

«መቶ ዐሥራ አራት ምን? ዲግሪ ነው ጎን?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ዕርቅ ነው» አለኝ።

አንዱ ዐሥር ኪሎ፣ ሌላው ዐሥር ሜትር ብሎ ቢከራከር እነዚህ ሰዎች «ሁለታችሁም ዐሥር ስላላችሁ ምን ያጣላችኋል?» ብለው ያሰናብታሉ። መቶ ዐሥራ አራት ዲግሪ በየት እንደሚያልፍ አንቺ ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ። በምንጩ አፍ ላይ። ግማሹ የእናትሽ፣ ግማሹ የጎንፋ። ጎንፋ በግማሹ ማጠብ፣ እናትሽ በግማሹ መጠጣት ይችላሉ፤ ውሃው ሽምግልናውን ሰምቶ እንደሆነ አላውቅም።

ዕርቅ ነውና በግ ታረደ። በጉ የጎንፋ ነው። እኔም በላሁ። ከዚህ ሁሉ ጉድ ውስጥ አፌን የሚያንገሸግሸኝ እሱ ነው፤ ሥጋው ጣፋጭ ነበር።

እናትሽ በየካቲት መጨረሻ ትፈርም ተብላለች። ምን ልበላት?

ዲበኩሉ


ሰመራ፣ የካቲት 3 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዲበኩሉ

ፈቃድ ጠይቄ ተከልክያለሁ። መንገዱ ሳያልቅ ቀያሽ አይወጣም ብለውኛል።

ስለደበቁኝ በጣም ተቀይሜዎታለሁ። እናቴን ስላኖሩልኝ ዕድሜ ልኬን አመሰግንዎታለሁ። እባክዎ የሁለቱን መሃል አይውሰዱልኝ፤ ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ይውሰዱ።

እናቴን እንዲህ ይበሏት፦ አትፈርሚ። ግን ምን አድርጊ እንደምላት አላውቅም። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ልክ መሆኑን የሚፈልግ ሰው ነው የጠፋው።

ገለኔ


መቱ፣ መጋቢት 8 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለገለኔ

አልፈረመችም። ተረጋግተሽ አንብቢ፤ ጥሩው ይቀድማል፣ ከዚያ የተለመደው ይከተላል።

ኮሚቴው የመቶ ዐሥራ አራቱን ችካል ሊተክል ማለዳ እንደሚሄድ ተሰማ። እናትሽ «እኔም እሄዳለሁ፤ እንግዳ ቤቴ ሲመጣ ልጥፋ እንዴ?» አለች። የሙሉብርሃንን የሰርግ ብርጭቆዎች ከነትሪው በፎጣ ጠቅልላ ያዘች። ሙሉብርሃን እነዚያን ብርጭቆዎች ለኔ እንኳ ሰጥታኝ አታውቅም። የሆነ ነገር ተመካክረዋል ብዬ ተከተልኳት።

እዚያ ስንደርስ ችካሉ ገና አልተተከለም። እናትሽ ትሪውን ይዛ ወደ ምንጩ ወረደችና ዞር ብላ፦

«ከየትኛው ግማሽ ልቅዳላችሁ?» አለች። «ከኔ ነው ከጎንፋ?»

ሳቁ። ቀድታ መጣች። የሻይ ቀለም አለው። ሁሉም ብርጭቆ ብርጭቆውን ያዘ፤ ከባለቤት እጅ ውሃ አልቀበልም ማለት ስድብ መሆኑን ሳይማር ያደገ በመካከላቸው የለም። ደበሳ ወደ አፉ አስጠጋ። አፍንጫው ቀድሞ ደረሰ። ያ ሽታ ሜዳ ላይ አንድ ነገር ነው፤ ከከንፈርሽ በታች ብርጭቆ ውስጥ ሲሆን ሌላ ነው። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ጠጣ እንጂ፣ ኦቦ ደበሳ» አለችው። «ዕርቅ ነው።»

ማንም አልጠጣም። ማንም አላስቀመጠም። ብርጭቆ እንደያዙ ቆመዋል፤ ፎቶ የሚነሱ ይመስላሉ። ከዚያ ወደ ጎንፋ ዞረች።

«አንተ አስቀድም። የግማሽህ ጌታ ነህ።»

«ጾመኛ ነኝ» አለ ጎንፋ።

ጎንፋ ከነቤተሰቡ ፕሮቴስታንት ነው። ዐቢይ ጾምን የጀመረው ያን ዕለት፣ ያቺን ሰዓት ነው። ፋኦል መሳቅ ጀምሮ በሳል ጨረሰው።

ደበሳ ውሃውን ቀስ ብሎ ሣር ላይ አፈሰሰና እኔን ሳያየኝ «ጋሼ፣ ያ ቁጥርዎ ስንት ነበር?» አለ።

«መቶ ስምንት።»

«እሱ ይሁን።»

እንግዲህ ጠመኔውም፣ ማኅተሙም፣ አራት መቶውም፣ ሦስት መቶ ስድሳውም ያላደረገውን አንድ አፍንጫ አደረገው፤ ያውም ዲግሪ የሌለው።

አሁን የተለመደው። «ድንጋዩም ይታረም» ተባለና ፋኦል እርጥብ ሲሚንቶ ይዞ ሄደ። «120» የሚለውን ለስኖ ደፈነውና በላዩ «108» ብሎ ጫረ። «ጎን»ን አልነካም። ቃለ ጉባኤውንም እንደ ድንጋዩ አስተካከለው። ያየሁት ከደረቀ በኋላ ነው። አሁን ድንጋዩ የሚለው «ከሰሜን 108 ጎን» ነው።

በዘጠኝ አባዢ፣ ለዐሥር አካፍዪ። እኔ ሦስት ጊዜ አድርጌዋለሁ። መስመሩ አሁን ወደ ላይ፣ ወደ ጎንፋ ይገባል። ማሽኑ አልተነካም፤ ያ የሚፈላ ጉድጓድ ግን ከነዝንቡ እናትሽ ማሳ ውስጥ ሆኗል። እንደ ድሮው ሁሉ እሱ ከላይ ይዘጋጃል፣ ከታች ይጠጣል። ኮሚቴው የሚሳሳተው ለጎንፋ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አድልዎ የለባቸውም ማለት ነው።

ለእናትሽ ነገርኳት። «ጉድጓዱ የኔ ነው?» አለች። እስካልታረመ ድረስ በወረቀቱ ያንቺ ነው አልኳት። ዝም አለች፤ ዝምታዋን አልወደድኩትም። አንቺ ምን ትያለሽ?

ዲበኩሉ


ሰመራ፣ መጋቢት 29 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዲበኩሉ

ዘጠና ሰባት ነጥብ ሁለት። ልክ ነዎት፤ ሦስተኛውን ጊዜ ማድረግ አልነበረብዎትም።

የብርጭቆውን ለብቻዬ አነበብኩት። ለማንም አላሳየሁም፣ የኔ ብቻ እንዲሆን ፈልጌ ነው።

ይንገሯቸው፣ ጋሼ። የነሱ ስሕተት ወደኛ ስላዘነበለ ዝም ካልን፣ እኔና ጎንፋ የምንለያየው በስም ብቻ ይሆናል። አባቴ ገመድ የወጠረው በመቶ ስምንት ዲግሪ ነው። ከዚያ አንድ ክንድ ትርፍ አልፈልግም፤ ያን ጉድጓድማ በነፍሴ አልፈልገውም።

ግን እናቴ ዝም ያለችበት ነገር አለ። ከመንገርዎ በፊት እሷን ይጠይቋት።

ገለኔ


መቱ፣ ግንቦት 17 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለገለኔ

እንዳልሽው እናትሽን ጠየቅኳት። «ይንገሯቸው፤ ከልክዬ አላውቅም» አለችኝ። ለደበሳ ነገርኩት። ተቆጣ።

«ጋሼ፣ ቁጥር ሰጡን፤ ጻፍነው። አሁን ደግሞ ምን ጎደለ?»

«መለኪያው ተሳስቷል።»

«መለኪያውን መቼ ነካነው?»

እውነቱን ነው። አልነኩትም።

ከዚያ ከወረዳው አንድ ቀያሽ መጣ፤ ወጣት ነው፣ እንደ አንቺ ያለ መሣሪያ ይዟል። ፋኦል የአንቺን ባለ ማኅተም ገጽ ከፋይሉ አውጥቶ በኩራት ሰጠው፤ «ጎን ማለት እንዲህ ነው፣ በዘጠኝ አባዝቶ ለዐሥር ማካፈል ነው» እያለ አስረዳው። ኮሚቴው በመጨረሻ ተምሯል። ልጁ ድንጋዩን አነበበ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ መስመሩን በዘጠና ሰባት ነጥብ ሁለት ዲግሪ ዘርግቶ ችካሉን ተክሎ ሄደ። እናትሽ በዚያው ሳምንት ጉድጓዱን በእሾህ አጠረችው። «የኔ ማሳ ነው፤ ቆሻሻ አልፈቅድም» አለች። ጎንፋ ለመጪው ምርት ገለፈቱን የሚጥልበት አጣ። ማሽኑ መቆሙ ነው።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። ጎንፋ ነው፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

«ጋሼ፣ ዘጠነኛ ክፍል አስተምረውኛል።»

«ወንበርህን አስታውሳለሁ» አልኩት። «አንተን እምብዛም።»

«ያ… ጎን የሚሉት ነገር ምንድን ነው?»

«ስምህ ነው ብለህ አልነበር?»

«ጋሼ፣ ይተዉኝ።»

«ግባና ተቀመጥ» አልኩት። ወረቀት ሰጠሁት። ክቡን ሠራሁለት፤ አራት መቶ፣ ሦስት መቶ ስድሳ። በዘጠኝ፣ ለዐሥር። አንድ ጊዜ ብቻ ነግሬው መቶ ሃያውንም መቶ ስምንቱንም ሳይሳሳት መለሰው። ተመልሶ ከዲግሪ ወደ ጎን እንዴት እንደሚሄድም ሳልነግረው ገባው። ጎበዝ ነው። ይሄ ሁሉ ጊዜ ጎበዝ ነበር፤ ከሁሉ ያስጠላኝ ይሄ ሆነ።

«ታዲያ ለኮሚቴው ይመስክሩልኝ፤ መቶ ስምንቱ ዲግሪ ነው ይበሉልኝ» አለ።

«እኔማ ብያለሁ። አንተም እዚያው ነበርክ።»

ያኔ እናትሽ ከውስጠኛው ክፍል ወጣች። ለካ ስትሰማ ነበር። ተነሳላት። በአፋን ኦሮሞ አነጋገረችው፤ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «የአባትህን መሬት አልፈልግም። የኔ ቃልና የጋሼ ቃል ተደምሮ ኮሚቴው ፊት እንዲቆምልህ ከፈለግክ፣ መጀመሪያ ጉድጓዱ፣ ከዚያ ዲግሪው።»

ጉድጓዱ ተጠርጎ በአፈር ተደፈነ። ማሽኑ ከመንደሩ በታች፣ የማንም መጠጥ በማያልፍበት ወረደ። ዝናቡ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመን፤ ምንጩን ሲያጥበው ሰነበተ። ትናንት ሁላችንም ወረድን። እናትሽ አንድ ብርጭቆ ቀዳችና ለጎንፋ ዘረጋችለት። አመነታ።

«ጾሙ ተፈቷል» አለችው።

ጠጣ። እስከ ሥሩ። ከዚያ እኛም ጠጣን።

ደበሳ ምስክርነታችንን ተቀብሎ መስመሩ በመቶ ስምንት ዲግሪ ጸደቀ፤ ምንጩ የእናትሽ፣ ላዩ የጎንፋ፣ አባቶቹ እንዳደረጉት። ሁለተኛው ድንጋይም «ተገኘ»፤ የት እንደነበረ አልጠየቅንም። እናትሽ ዛሬ ማለዳ ቤቷ ገብታለች፤ አዲስ ችግኝ ለማፍላት መደብ እየቆፈረች ነው። ሙሉብርሃን ብርጭቆዎቿን ሦስት ጊዜ አፍልታ አጠበችና አሁንም ታሸታቸዋለች። ወደዚያ በሚመጣ አውቶቡስ አንድ ጠርሙስ ውሃ ተልኮልሻል፤ ጠጪው፣ አይሸትም።

ፋኦል ድንጋዩን አርም ተብሎ ነበር። «108» ከሚለው ቀጥሎ «ዲግሪ» ብሎ ጫረበት። «ጎን»ንስ? አልኩት። «የሟች ጽሕፈት ነው፤ መደምሰስ ነውር ነው» አለኝ። እንግዲህ ድንጋያችን አሁን የሚለው «ከሰሜን 108 ዲግሪ ጎን» ነው። እናትሽ አንብብልኝ አለችኝ፤ አነበብኩላት። ድንጋዩን ብዙ አየችው።

«ማል ጎና?» አለች።

በክረምት ስትመጪ መሮና መዶሻ ይዘሽ ነይ።

ዲበኩሉ